ሁለቱ 1999ዎች፦ የኮምፒውተር ታሪክ በአማርኛ ሲጻፍ

እስቲ እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንብቧቸው። «የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው።» «ዊንዶውስ ቪስታ የወጣው በ1999 ነው።» ሁለቱም ትክክል ናቸው። በመካከላቸው ግን ከሰባት ዓመት በላይ አለ! የመጀመሪያው 1999 የፈረንጆቹ ነው፤ ሁለተኛው የእኛው ዓመተ ምሕረት። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ያለ ምልክት ያገኘ ተማሪ ነገሩ ሁሉ በአንድ ዓመት የሆነ ይመስለዋል። ምን ይፈረድበታል?

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው። ስለ አንድ ስርዓተ ክወና፣ በተለምዶ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስለምንለው፣ በመዝገበ ዕውቀት የተጻፈ ጽሑፍ እንዴት ይሳሳታል? እንዴትስ ይታረማል? ጉዳዩ የባለሙያ ብቻ አይደለም። ዊኪፔዲያ ሥራውን ከጀመረበት ከጥር 2001 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ፣ ሽሮ ሜዳ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልክ የያዘ ተማሪም ገጽ ማረም ይችላል። የአማርኛው ዊኪፔዲያም ለእናንተ ክፍት ነው።

ከቪስታ በፊት ምን ነበር?

«ኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ የጀመረው በቪስታ ነው» የሚል ሰው ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ይህ ስህተት ነው፤ ስህተቱም የሰዎችን ድካም ይሰርዛል። ኢትዮጵያውያን አገር ውስጥም ውጭ አገርም ሆነው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም መሥራት የጀመሩት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ከቪስታ በፊት ሃያ ዓመት ገደማ ማለት ነው።

ፈተናቸው ከባድ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጠው በአንድ ባይት ነበር። አንድ ባይት ደግሞ ከ256 በላይ የተለያዩ ምልክቶችን መለየት አይችልም። የእኛ ፊደል 33ቱ በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው ይጠባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ የላቲን ፊደላትን ቦታ ወስዶ በራሱ መንገድ አሰፈራቸው። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ይሆን የነበረው ለዚህ ነው። ዛሬም ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ፋይል ስትከፍቱ ይህ ሊገጥማችሁ ይችላል።

መፍትሔው ዩኒኮድ ነበር። ዩኒኮድ ለየፊደሉ ዓለም ሁሉ የሚስማማበት አንድ ቁጥር ይሰጣል። ሀ 4608፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይቀጥላል። ፊደላችን በመስከረም 1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይም ቢሆን የዩኒኮድ ፎንት የጫነ ሰው አማርኛ ማንበብ ይችል ነበር።

ታዲያ ቪስታ ምን አዲስ ነገር አመጣ? የኢትዮጵያን ፊደል ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ አብሮት የያዘ የመጀመሪያው ዊንዶውስ ነው። ፎንቱ በደጋ አጋዘናችን ስም «ኒያላ» ተባለ። ትክክለኛው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ለመጀመሪያ ጊዜ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መጣ።» «ለመጀመሪያ ጊዜ ተቻለ» አይደለም። ልዩነቱ ሁለት ቃል ነው፤ የሃያ ዓመት ታሪክ ግን በዚያ ላይ ተንጠልጥሏል።

ቀን መቁጠሪያው የሚያመጣው ጣጣ

ቪስታ የወጣው በ2006 ነው ወይስ በ2007 እ.ኤ.አ.? ሥራው ተጠናቀቀ የተባለው ኅዳር 8 ቀን 2006፣ ለድርጅቶች የቀረበው ኅዳር 30 ቀን 2006፣ ለሕዝብ የተሸጠው ጥር 30 ቀን 2007 ነው። ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ለዚህ ነው አንዱ 2006፣ ሌላው 2007 የሚለው። ወደ እኛ ስናመጣው ግን ጥቅምት 29፣ ኅዳር 21 እና ጥር 22 ይሆናል፤ ሦስቱም በ1999 ዓ.ም.። ክርክሩ በእኛ አቆጣጠር የለም!

አትደሰቱ ታዲያ፣ ተቃራኒውም አለ። የዩኒኮድ 3.0 ወር፣ ማለትም የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 1999፣ በእኛ ለሁለት ይከፈላል። በዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። እስከ 11 ያለው ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ከዚያ በኋላ ያለው 1992 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ካልታወቀ ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ ግምት ነው። ሊኑክስም እንዲሁ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሥራውን ያስታወቀው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያው 0.01 የወጣው መስከረም 6 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ሁለቱም 1991 ናቸው። «ስምንት ቀንሱ» ወይም «ሰባት ቀንሱ» የሚለው አቋራጭ እዚህ ያሳስታል።

«አሁን» የሚባል አደገኛ ቃል

አንዳንድ ስህተት ደግሞ ማንም ሳይነካው በራሱ ይፈጠራል። «ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ለሁሉም ይሰጣል» የሚለው ለዓመታት እውነት ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛው ድጋፍ ሲያበቃ ዓረፍተ ነገሩ አረጀ። «አሁን»፣ «በቅርቡ»፣ «አዲሱ» የሚሉ ቃላት ስታገኙ ተጠራጠሩ። በምትካቸው ቀን ጻፉ፦ «እስከዚህ ቀን ድረስ ይሰጥ ነበር።» እንዲህ የተጻፈ ነገር አሥር ዓመት ቢቆይም አይዋሽም።

በወረቀት የታተሙት ይህን ዕድል አላገኙም። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስትወርዱ ስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች «ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ»ን በደንብ ያውቁታል። ጀርመን ውስጥ በሃምቡርግ የተዘጋጀ ባለ አምስት ቅጽ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ በ2003፣ የመጨረሻው በ2014 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። በመጨረሻው ቅጽ ውስጥ ተጨማሪዎችና እርማቶች ታትመዋል። አስተውሉ፦ የመጀመሪያው ቅጽ እርማት አሥራ አንድ ዓመት ጠበቀ። ያም ሆኖ አዘጋጆቹ እርማቱን በግልጽ ማተማቸው ክብራቸውን አልቀነሰውም፤ እንዲያውም ሥራቸው የሚታመን ሆነ።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

አንድ ወጥመድ ተጠንቀቁ። ስህተት ያለበትን ገጽ አንድ ጋዜጠኛ ይገለብጣል። ከዚያ ሌላ ሰው ያንኑ ጋዜጣ እንደ ምንጭ አድርጎ ገጹ ላይ ያስቀምጣል። ወሬው ዞሮ ራሱን መሰከረ ማለት ነው! ምንጭ ስታገኙ «ይህ ሰው ከየት አወቀው?» በሉ፤ ከገጹ በፊት የተጻፈ መሆኑንም ቀኑን አይታችሁ አረጋግጡ።

ስልካችሁ ላይ ስለምትጠቀሙበት ስርዓተ ክወና የተጻፈውን የአማርኛ ገጽ ክፈቱ። ዓመቶቹን ሁሉ ፈልጉና ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት አላቸው ወይ ብላችሁ እዩ። ከሌላቸው ቀኑን ከዋናው ምንጭ አጣሩና ምልክቱን ጨምሩ። ለምን እንደቀየራችሁት በአንድ መስመር ጻፉ፤ ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣው አራሚ እንደገና ከዜሮ እንዳይጀምር።