የዋሻ ብርድና የግግር በረዶ ማኅደር

በውጭ ያለው ምድር በፀሐይ ሲግል፣ በኖራ ድንጋይ ተራራ ሆድ ውስጥ ግግር በረዶ ሳይቀልጥ መቆየቱ የአውሮፓን ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። በፈረንሳይ አገር ከቤዛንሶን ከተማ ብዙም በማይርቅ አንድ ዋሻ፣ በረዶው በሙቀት ወራት ይሠራል፣ በብርድ ወራት ይቀልጣል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1712 ቢየሬ የተባለ የዩኒቨርሲቲ መምህር ይህንኑ ተቀብሎ፣ ምክንያቱ ከላይ ካለው አፈር የሚወርድ ጨው ነው ሲል አስረዳ። በ1743 ግን መሐንዲሱ ኮሲኚ ቴርሞሜትር ይዞ ገብቶ ይህን አስተያየት ተቃወመ። በ1822 ዣን አንድሬ ደሉክ ዋናውን ምሥጢር ገለጠ፦ በብርድ ወራት ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወደ ዋሻው ይወርዳል፤ በሙቀት ወራት የውጭው አየር ቀላል ስለሆነ ወርዶ ሊያስለቅቀው አይችልም።

ይህ አሠራር በጉልህ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ በሩማንያ በአፑሴኒ ተራሮች የሚገኘው የስካሪሾአራ ዋሻ ነው። መግቢያው 48 ሜትር ያህል የሚጠልቅ ገደል ነው። ከ1897 እስከ 1899 በቤልጂካ መርከብ ወደ አንታርክቲክ ዘምቶ የነበረው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኤሚል ራኮቪጻ፣ በ1920 በዓለም የመጀመሪያ የሆነውን የዋሻ ጥናት ተቋም በክሉዥ ከተማ አቋቋመ፤ በስካሪሾአራ ያደረገውንም ምርምር በ1927 አሳተመ።

በዚህ ዋሻ በሙቀት ወራት የሚንጠባጠበውና የሚቀልጠው ውሃ በግግሩ ላይ ይተኛል፤ ብርዱ ሲመለስ ረግቶ አዲስ ንጣፍ ይሆናል። በንጣፎቹ መካከል የኖራ ብናኝ፣ ቅጠልና እንጨት ይቀበራል። በ2003 ከ22 ሜትር በላይ ተቆፍሮ የወጣው የበረዶ ናሙና በራዲዮካርቦን ሲመረመር፣ ጥንታዊው ክፍል 10,500 ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳለው ታወቀ። ዛፍ የሚመሰክረው በአብዛኛው ስለ ዕድገት ወራት ሲሆን፣ ይህ በረዶ ግን ያለፉትን የብርድ ወራት ጠባይ ይመዘግባል።

በረዶው ፈጽሞ በጠፋባቸው ዋሻዎችም ቢሆን ምልክት አልታጣም። ውሃ ቀስ እያለ ሲረጋ በውስጡ የሟሟው ኖራ ተለይቶ ክሪስታል ይሆናል፤ በረዶው ሲቀልጥም ክሪስታሉ በዋሻው ወለል ላይ ተበትኖ ይቀራል። በመካከለኛው አውሮፓ ከተገኙት ክሪስታሎች ብዙዎቹ በዩራኒየምና በቶሪየም ዘዴ ሲለኩ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሆነው ተገኝተዋል። በዚህም በዚያ ዘመን ምድሩ እስከ ምን ጥልቀት ረግቶ እንደነበር ለመገመት ተችሏል።

ይሁንና ማኅደሩ ዘለዓለማዊ አይደለም። ከሥር የምድር ሙቀት፣ ከላይ ለስላሳ የብርድ ወራትና ብርቱ ዝናብ ግግሩን ይበሉታል። የቀለጠው ንጣፍ ክሪስታል ቢተው እንኳ፣ በውሃው የተያዘው የየዓመቱ ምስክርነት ተመልሶ አይገኝም። ስለሆነም የቀረውን በረዶ ሳይውል ሳያድር መለካትና ናሙናውን ጠብቆ ማስቀመጥ፣ ኮሲኚ ቴርሞሜትሩን ይዞ የጀመረውን ሥራ በጊዜው መፈጸም ይሆናል።