አምስት ሰው የሰማው ንግግር

አክስቴ ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ በየቀኑ ታሞክሲፌን ትውጣለች። አንድ ቀን «አንተ የኮምፒውተር ሰው፣ እስቲ ይቺ ክኒን ገብታ ምን እንደምትሠራ ንገረኝ» አለችኝ። እኔ ኮድ ጸሐፊ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን አላውቅም ማለት አሳፈረኝና ማንበብ ጀመርኩ።

ታሪኩ የሚጀምረው ቺካጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤልዉድ ጄንሰን የተባለ ኬሚስት ኢስትሮጅንን በራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ምልክት አድርጎ ለአይጦች ሰጠ። ዘመኑ የኢንዛይም ነበር፤ ሆርሞኑ የሚሠራው በኬሚካዊ ለውጥ ውስጥ እያለፈ ነው ይባል ነበር። ጄንሰን ያየው ግን ኢስትሮጅኑ ማህፀን ውስጥ ሳይለወጥ እንደሚቆይ ነው። ስለዚህ የሚይዘው ነገር አለ ማለት ነው። በ1958 ቪየና ላይ ይህን ሲያቀርብ፣ ራሱ እንደተረከው፣ የሰማው አምስት ሰው ብቻ ነበር። ከአምስቱ ሦስቱ ደግሞ ተራቸውን የሚጠብቁ ተናጋሪዎች!

ያዡ ፕሮቲን ሪሴፕተር ተባለ። የኮርቲሶሉ ሪሴፕተር ጂን በ1985፣ የኢስትሮጅኑ በ1986 ሲነበብ ሁለቱ ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ። እንደ ፕሮግራመር የገረመኝ እዚህ ጋ ነው፤ ነገሩ ሞጁል ነው። መሃል ላይ ዲኤንኤን የሚጨብጥ ክፍል አለ፤ በውስጡ ሁለት ዚንኮች፣ እያንዳንዳቸው በአራት ሲስቲን ተይዘዋል። ከዚያ በተጣጣፊ ማያያዣ በኩል የሆርሞኑ ኪስ ይከተላል። በ1987 ስቴፈን ግሪንና ፒየር ሻምቦን የኢስትሮጅኑን ሪሴፕተር ዲኤንኤ መጨበጫ አውጥተው የኮርቲሶሉን ተኩበት። አዲሱ ፕሮቲን ኢስትሮጅን ሲያገኝ ለኮርቲሶል የሚታዘዝ ጂን አስነሣ። አንዱን ሞጁል ነቅለህ ሌላ ትሰካለህ፣ ይሠራል!

የክኒኗ ምስጢር የታየው በ1990ዎቹ መጨረሻ በክሪስታል ጥናት ነው። ኢስትሮጅን ኪሱ ውስጥ ሲገባ 12ኛው ሄሊክስ እንደ ክዳን ይገጥማል፤ ያኔ ጂን የሚያስነሡ ረዳት ፕሮቲኖች መቀመጫ ያገኛሉ። ታሞክሲፌንም እዚያው ኪስ ይገባል፤ ጅራቱ ግን ወደ ውጪ ይቀራል። ክዳኑ አልገጥም ሲለው ተንሸራትቶ የረዳቶቹን መቀመጫ ራሱ ይይዛል።

ለአክስቴ «ማንኪያ ድስቱ ውስጥ ትተሽ ብትከድኚው ይገጥማል?» አልኳት።

«የት ይገጥማል!»

«በቃ፣ ክኒኗ ማንኪያዋ ናት።»

ሳቀች። ቀጥዬ የጄንሰንን ነገር ነገርኳት፤ የጡት ዕጢ ሪሴፕተሩ እንዳለው የመለየቱ ምርመራም ከእሱ ሥራ እንደመጣ። ተነሥታ የምርመራ ወረቀቷን አመጣችና «ኢስትሮጅን ሪሴፕተር፦ ፖዘቲቭ» የሚለው መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይኼን ነው አምስት ሰው ብቻ የሰማው?» አለች። «እንኳን አልተወው።»