«በሪ» በጀጎል ደጃፍ

ሐረርን የሚከበው የጀጎል ግንብ አምስቱ ጥንታዊ በሮች እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሁለት ስም አላቸው። አማርኛ ተናጋሪው ፈላና በር የሚለውን ሐረሪው አሱም በሪ ይለዋል። ኤረር በር አርጎብ በሪ ነው፤ ሰንጋ በር ሱቁጣጥ በሪ፣ ቡዳ በር በድሮ በሪ፣ ሸዋ በር ደግሞ አስማዲን በሪ። ባለቤቶቹ ጌይ ሲናን፣ የከተማው ቋንቋ፣ ብለው በሚጠሩት በሐረሪ «በሪ» በር ማለት ነው። ሐረሪና አማርኛ ሁለቱም የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ስለሆኑ ይህ ዝምድና አያስገርምም። አማርኛው ቃሉን አስፍቶ የተራራ መተላለፊያንም «በር» ይላል፤ በሰሜን ሸዋ ጣርማ በር የተባለው ለዚህ ነው። ግዕዝ ግን ለዚሁ ነገር «ኆኅት» እና «አንቀጽ» ማለትን ይመርጣል።

ከአማርኛና ከሐረሪ ወጥተን ወደ ጎረቤት ስንሻገር ያው ድምፅ ሌላ ነገር ይነግረናል። ከጅግጅጋ አቅጣጫ ለሚመጣው ሶማሊኛ ተናጋሪ «በሪ» ምሥራቅ ነው። በአፍሪካ ቀንድ ጫፍ ላይ ያለው ቦሳሶ የሚገኝበት ክልል ስሙ በሪ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በግሥነቱ ደግሞ ማደርንና መንጋትን ይናገራል፤ ሶማሌ ጠዋት ሲገናኝ «በሰላም ነጋልህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው በዚህ ግሥ ነው። መለመን፣ ፈጣሪን መማጸን የሚል ሌላ «በሪ»ም አለው።

በሐረር ዙሪያ ለሚያርሰው ኦሮሞ «በሪ» ንጋት ነው። በ1967 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የአፋን ኦሮሞ ጋዜጣ «በሪሳ» ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ለበር ግን ኦሮሞው «ከራ» ወይም «በልበላ» የሚሉ የራሱ ቃላት አሉት። ሶማሊኛና አፋን ኦሮሞ ሁለቱም የኩሽ ቋንቋዎች ናቸው፤ ንጋትና ምሥራቅ ደግሞ በትርጉም እጅግ ይቀራረባሉ። የሁለቱ «በሪ» የአንድ አባት ልጅ ነው ቢባል ያሳምናል።

ፈተናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የጀጎል በሮች ማታ ይዘጉ፣ ሲነጋ ይከፈቱ ነበር። ኤረር በር ወደ ምሥራቅ ይመለከታል። ታዲያ በር፣ ንጋትና ምሥራቅ ከመነሻቸው አንድ ቃል ነበሩ ማለት ምን ይከለክላል? ታሪኩ ደስ ይላል፤ እኔም ቢሆንልኝ እወድ ነበር። ነገር ግን አይቆምም። ሐረሪው ወደ ምዕራብ የሚወጣውንም አስማዲን በሪ ይለዋል፤ ቃሉ ለአቅጣጫ ደንታ የለውም። የአማርኛው «በር» ደግሞ ሶማሌና ሐረሪ ባልኖሩበት በሰሜኑ ደጋ ሁሉ ይነገራል። ከኤረር በር የወጣ ቃል ጣርማ በር ድረስ እንዴት ሊደርስ ይችላል?

እውነተኛ መዋዋስ ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚያው ከግንቡ መራቅ አያስፈልግም። ከግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሏቸዋል። ጅብ በሶማሊኛ «ወራቤ»፣ በአፋን ኦሮሞ «ወራቤሳ» ነው። እዚህ ድምፁም ትርጉሙም አብሮ ይሄዳል፤ በኩሽ ጎረቤቶቹ መካከል የኖረው ሐረሪ ቃሉን ከእነርሱ እንደወሰደ መናገር ይቻላል። በ«በሪ» ግን አብሮ የሚሄደው ድምፁ ብቻ ነው። ልዩነቱን አጥብቄ የማነሣው በአካባቢያችን የሕዝብ ዝምድናና የመሬት ይገባኛል ጥያቄ በሁለት ቃላት መመሳሰል ላይ ሲገነባ ስለሚታይ ነው። ሐረር ለዚህ ዓይነቱ ግምት የማትገባ፣ ሰነድም ሊቅም ያላት ከተማ ናት። ቸሩሊ በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ቋንቋዋና ስለ ታሪኳ ጽፏል፤ ቮልፍ ሌስላው በ1963 እ.ኤ.አ. የሐረሪን የቃላት ምንጭ መዝገበ ቃላት አሳትሟል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው ዓረብኛው ነው፤ ምክንያቱም የሐረር የጽሑፍ ቋንቋ እርሱ ነበር። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዓረብ ፈቂህ የሙስሊሞቹን አገር «በር ሰዕደዲን» ይለዋል። አማርኛ አንባቢ ይህን ሲያይ የሰዕደዲን በር ይመስለዋል። ስሕተት ነው። የዓረብኛው «በር» የብስ፣ ምድር ማለት ነው፤ የባሕር ተቃራኒ። ስሙ የሚያስታውሰው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በዘይላ የሞተውን ሱልጣን ሰዕደዲንን ነው። ሌላም አለ፦ ከፈጣሪ ስሞች አንዱ «አል-ባሪ» ሲሆን ዐብዱልባሪ የሚለው የሰው ስም ከዚያ ይመጣል። እዚያ «ባ» ረጅም ነው፤ በዓረብኛ የአናባቢ ርዝመት ብቻውን ቃልን ከቃል ይለያል።

ራቅ ሲባል ነገሩ ተራ ይሆናል። ባሪ በአድሪያቲክ ዳር ያለች የጣሊያን ወደብ ናት፤ ጣሊያን ሐረርን ከመያዙ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1934 እ.ኤ.አ.፣ በዓረብኛ ማሠራጨት የጀመረው ሬዲዮ የተሰየመው በእርሷ ነው። በጁባ ዙሪያ የሚኖሩት የደቡብ ሱዳን ባሪዎች ደግሞ የናይል ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው። እነዚህን ከሐረር በር ጋር የሚያገናኝ ክር አልተገኘም።

ወደ ግንቡ ልመለስ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራው ግንብ ዛሬ ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. የመዘገበውን ወደ 48 ሄክታር የሚጠጋ ከተማ ይከባል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ሲገባ የአምስቱን በሮች ሐረሪኛ ስሞች ጻፈ፣ ጎን ለጎንም ሌሎቹን መዘገበ፤ በአማርኛም በር «በር» እንደሚባል ማስታወሱ አልቀረም። የምዕራቡ በር በእርሱ ዘመን አስማዲን ወይም ሐማሬሳ እንጂ ሸዋ አይባልም ነበር፤ «ሸዋ በር» የሚለውን በርተን አላገኘውም። ምኒልክ ከተማዋን የያዙት ጨለንቆ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ በ1879 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ በር የሚወጣው መንገድ የሚወስደውም ወደ ሸዋ ነው። የደቡቡን በር ደግሞ በርተን በሁለት ስም ጽፎታል፦ በድሮ በሪ እና ባብ ቢዳ። «ባብ» ዓረብኛ ነው፣ በር ማለት። አማርኛ ተናጋሪዎች ሲመጡ ሁለተኛውን ቃል «ቡዳ» ብለው ተቀብለው «ባብ»ን አንሥተው በቦታው የራሳቸውን «በር» ሳይተክሉ አልቀሩም። ሐረሪዎች ዛሬም ያንኑ በር በድሮ በሪ ይሉታል።