የሚጠርስ ጥርስን ሳይጎዱ ማንጣት

ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትኩስ ሻይ ወይም ሎሚ በነካው ቁጥር ጥርሱ የሚጠርስበት ሰው ጥርሱን ማንጣት አይችልም ማለት አይደለም። ከማንጣቱ በፊት ግን ሕመሙን ማስታገስ አለበት። ብዙዎች የሚጎዱት ይህን ቅደም ተከተል ስለሚገለብጡ ነው።

የጥርስን ላይ የሚሸፍነው ጠንካራ ክፍል ኢናሜል ይባላል። ከሥሩ ያለው ዴንቲን በተፈጥሮው ቢጫማ ሲሆን ወደ ነርቩ የሚያደርሱ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ኢናሜሉ ሲሳሳ ወይም ድድ ሸሽቶ የጥርሱ ሥር ሲገለጥ ቅዝቃዜውና ኮምጣጣው በእነዚህ በኩል ነርቩን ይቀሰቅሳል። ኢናሜሉ ሲሳሳ ዴንቲኑም ይበልጥ ስለሚታይ ጥርሱ ቢጫ ይመስላል። እናም ቢጫውን ለማስለቀቅ አጥብቆ የሚፍቅ ሰው ቢጫውንም ሕመሙንም ይጨምራል። የተፋቀ ኢናሜል ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዞረው የሎሚና የቤኪንግ ሶዳ ቅልቅል እንዲሁም የከሰል ዱቄት ለእንዲህ ዓይነቱ ጥርስ ፈጽሞ አይመከሩም። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች ከ2 እስከ 3 አካባቢ ነው፤ ኢናሜል ደግሞ ፒኤቹ ከ5.5 ገደማ ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል። ከሰሉ ቀለሙን የሚያነሣው በመፈግፈግ ነው።

ቀለሙ ከየት እንደመጣ ማወቅም ያስፈልጋል። የሻይ፣ የቡና፣ የጫትና የሲጋራ እድፍ ላይ ላዩን ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በጥርስ ሐኪም እጥበት ይለቃል። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ግን በልጅነት ከተጠጣው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የመጣና በራሱ በኢናሜሉ ውስጥ ያለ ነው። ይህን የትኛውም የጥርስ ሳሙና አያነሣውም። ከተመታ በኋላ ለብቻው የጠቆረ አንድ ጥርስ ካለ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት።

ሐኪሙ የተቦረቦረ ጥርስና የድድ በሽታ ካለ ቀድሞ ያክማል። ቀጥሎ 5% ፖታሲየም ናይትሬት ያለበት፣ ለሚጠርስ ጥርስ የተዘጋጀ ሳሙና ከ2 እስከ 4 ሳምንት በለስላሳ ብሩሽ መጠቀም ነው። ለውጥ በሁለት ቀን አይጠበቅም። ሕመሙ ሲቀንስ ሐኪሙ በጥርሱ ልክ በተሠራ ማቀፊያ የሚደረግ ዝቅተኛ መጠን ያለው ጄል፣ ብዙውን ጊዜ 10% ካርባሚድ ፐሮክሳይድ፣ ሊያዝ ይችላል። በየሌሊቱ መሆኑ ቀርቶ አንድ ሌሊት እያሳለፉ ማድረግ ሕመሙን ያቀለዋል፤ ከጠነከረም ማቋረጥ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ0.1% በላይ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያለው ማንጫ ለተጠቃሚ የሚደርሰው በጥርስ ሐኪም በኩል ብቻ ሲሆን ከ6% መብለጥ አይችልም፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉም አይሰጥም። ነፍሰ ጡር እህቶች እስኪወልዱ ቢያቆዩት ይመረጣል።

ሸሪዓን በተመለከተ፣ ለውበት ሲባል ጥርስን ሞርዶ ማራራቅ በሐዲስ የተወገዘ ነው። እድፍን ማስለቀቅና ጥርስን ማንጣት ግን ቅርፁን ስለማይለውጥ ብዙ የዘመኑ ዑለማዎች ከዚህ ክልከላ አያስገቡትም፤ ጉዳት የሚያስከትል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሲዋክም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አጥብቀው ያበረታቱት ሱና ነው። የላይ እድፍን ይቀንሳል፤ የውስጥ ቀለምን ግን አይለውጥም። ጥርሱ የሚጠርስበት ሰው ጫፉን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ቃጫው ሲለሰልስ፣ በቀስታ ይጠቀም፤ ድድ የሸሸበትን ቦታ በኃይል አይሞርድ። ያረጀውን ጫፍ መቁረጥም አይርሳ። ኮምጣጣ ነገር ከበሉ በኋላ አፍን በውሃ ተጉመጥሙጦ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ለሲዋክም ለብሩሽም ይሠራል።

በረመዷን ጄሉ ወደ ጉሮሮ ሊወርድ ስለሚችል ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ፣ ወይም እስከ ዒድ ማቆየት ነው። ሲዋክ ግን ፆምን አያበላሽም፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ከዘዋል በኋላ ማክሩህ ነው የሚለው አቋም የታወቀ ሲሆን ሌሎች ቀኑን ሙሉ ይፈቅዳሉ።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት አንድ ነገር ሐኪሙን ይጠይቁ፦ የተሞላና አርቴፊሻል ጥርስ በጄል ስለማይነጣ፣ የፊት ጥርስዎ እንዲህ ያለ ከሆነ ከጎኑ ካሉት ጋር ቀለሙ ይለያያል።