የሌክቲን ፕሮቲኖች ታሪክ፤ ከጉሎ ፍሬ እስከ ካላ አዛር

በአገራችን ገጠር የጉሎ ፍሬ አዲስ ምጣድ ለማሟሸት ሲያገለግል ኖሯል። ይኸው ፍሬ በሥነ ሕይወት ጥናት ውስጥ ለአንድ ታላቅ ምዕራፍ መነሻ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1888 ሄርማን ስቲልማርክ የተባለ ተመራማሪ በዶርፓት ዩኒቨርሲቲ ከጉሎ ፍሬ የወጣው ፕሮቲን ቀይ የደም ሕዋሳትን እንደሚያጓጉል አረጋገጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፓውል ኤርሊክ ይህንኑ መርዝ ለአይጦች በጥቂት በጥቂቱ በመስጠት መቋቋም እንደሚችሉ አሳየ፤ የበሽታ መከላከል ጥናትም በዚህ ተጠናከረ።

እ.ኤ.አ. በ1954 ዊልያም ቦይድና ኤልዛቤት ሻፕሌይ ለእነዚህ ፕሮቲኖች ከላቲን «መምረጥ» ከሚለው ቃል «ሌክቲን» የሚል ስያሜ ሰጡ፤ እያንዳንዱ ሌክቲን የሚይዘውን የስኳር ዓይነት መርጦ ይጣበቃልና። በዚያው ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ሁለቱ ድርጊቶች በዘመን እንጂ በምክንያት አልተያያዙም፤ ኋላ ግን አንድ በሽታ አገናኛቸው።

ሌክቲኖች በዕፀዋት ብቻ የሚገኙ አይደሉም። የሰው ጉበት ማኖስ የተባለውን ስኳር የሚይዝ ሌክቲን ሠርቶ ወደ ደም ይለቃል። ይህ ፕሮቲን በባክቴሪያና በጥገኛ ተሕዋስያን ገላ ላይ ሲጣበቅ ሌሎች የደም ፕሮቲኖችን በተራ ያነቃቃል፤ ዋጭ ሕዋሳትም ምልክት የተደረገበትን ባዕድ አካል ይውጣሉ። ፊኮሊን የተባሉትም ተመሳሳይ ተግባር አላቸው።

ከጎንደር ደጋ ለአዝመራ ወደ መተማና ሑመራ ቆላ የሚወርዱ ሠራተኞችን የሚያጠቃው ካላ አዛር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ደጋማ አካባቢም ወረርሽኝ ሆኖ ታየ። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው የዚህ በሽታ ጥገኛ ተሕዋስ ሽፋን ማኖስ ስላለበት ሌክቲኑ ይይዘዋል። ይሁን እንጂ ተሕዋሱ መኖሪያውን የሚያደርገው በዋጭ ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የጠባቂው ምልክት ለጠላት በር ከፋች ሊሆን ይችላል። ያው ፕሮቲን እንደ ሁኔታው ይጠቅማል፤ ይጎዳልም።

መምህራን ይህን ትምህርት ከጉሎ ቢጀምሩ ተማሪው ከሚያውቀው ወደማያውቀው ይሻገራል። ጥሬውን ፍሬ ማኘክ ለሞት እንደሚያደርስም አብሮ ሊነገረው ይገባል። ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም የአካባቢን ዕፅና የአካባቢን በሽታ በአንድ ምዕራፍ ቢያገናኙ ሳይንስ ለገጠሩ ልጅ የራሱ ጉዳይ ይሆናል።