ካፒታል ፊደል የሌለው ጽሕፈት

ኢንተርስቴት 25ን ይዞ በዴንቨር ደቡብ በኩል የሚያልፍ ሰው ተደራርበው የተጠማዘዙ ቢጫ የኮንክሪት ብሎኮች የመሰለ ረጅም ቅርጽ ያያል። በ1985 የቆመው ይህ ሥራ የኸርበርት ባየር ነው። ከኦሮራ ወደ ዴንቨር የሚመላለሱ ኢትዮጵያውያን አሽከርካሪዎች ዘወትር ያዩታል፤ የሠሪው ስም ግን ከግራፊክ ዲዛይን ታሪክ ክፍል ውጭ እምብዛም አይነሣም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባየር በኦስትሪያ ተወልዶ፣ ባውሃውስ በተሰኘው የጀርመን የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በኋላም እዚያው ያስተማረ ሰው ነው። በ1925 ካፒታል ፊደላትን ጨርሶ የሚያስቀር የላቲን ፊደል መንደፍ ጀመረ። ሙግቱ ከውበት ይልቅ የወጪ ሙግት ነበር፤ ሰው ሲናገር ትልቅና ትንሽ ድምፅ የለውም፤ ታዲያ ለአንድ ድምፅ ሁለት ምልክት ማስጠናት፣ ማስቀረጽና መልቀም ለምን ያስፈልጋል? ስሞች ሁሉ በካፒታል በሚጀምሩበት በጀርመንኛ ይህ ቀላል ሐሳብ አልነበረም። ባየር በ1946 ወደ ኮሎራዶ መጥቶ በአስፐን ኖረ፤ የሥራዎቹና የሰነዶቹ ትልቅ ክምችት ዛሬ በዴንቨር የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

በኦሮራ ያደገ፣ በቤቱ አማርኛ የሚነገርበት ተማሪ ይህን ታሪክ ሲማር አንድ የሚያስገርም ነገር ይገጥመዋል። በ1925 አውሮፓ ውስጥ እንደ አብዮት የታየው ነገር በአያቱ ዳዊት ላይ ጥንትም የነበረ ነው። የግዕዝ ፊደል ካፒታል ኖሮት አያውቅም። የመጀመሪያው ስሜት ኩራት ይሆናል። ኩራቱ አይከፋም፤ እዚያ ላይ የቆመ ተማሪ ግን ከኮርሱ ይዞ የሚወጣው ጥቂት ነው። የሚጠቅመው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ ካፒታል የሌለው ጽሕፈት ዋናውን ነገር ከተራው የሚለየው በምንድን ነው?

ባየርና ባልደረቦቹ መልሱን በፊደል መጠንና ውፍረት፣ በደማቅ መስመሮችና በቀይ ቀለም ፈለጉት። የኢትዮጵያ ቁም ጸሐፊም የመክፈቻ መስመሮችንና ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ በመጽሐፉ ክፍሎች መግቢያ ላይ ሐረግ ይሥላል፤ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ፣ ዐረፍተ ነገርን በአራት ነጥብ ይለያል፤ ትልልቅ ክፍሎችን ቀይና ጥቁር ነጥቦች በተደረደሩበት መስመር ይዘጋል። አንዱ ከሌላው ቀድቷል ማለት አይደለም። ተመሳሳይ ችግር ተቀራራቢ መሣሪያ አስፈለገ፤ ያ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሙዚየም ወሬ የሚመስለው የክሊኒክ በራሪ ወረቀት እስኪታይ ድረስ ነው። አማርኛ በዴንቨርና በኦሮራ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በብዛት ከሚነገሩ የስደተኛ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የጤና፣ የምርጫና የትምህርት ቤት ማስታወቂያዎች ተተርጉመው ይወጣሉ። በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ «ከምግብ በፊት አይወሰድ» የሚለው ማስጠንቀቂያ በካፒታል ፊደላት ይጮኻል። ተርጓሚው ቃሉን በትክክል ይመልሰዋል፤ ጩኸቱ ግን መንገድ ላይ ይቀራል፤ ምክንያቱም በአማርኛ የሚያርፍበት ቅርጽ የለውም። ማስጠንቀቂያው ከክሊኒኩ አድራሻ ጋር በአንድ ድምፅ ይነበባል። ገጹን የሚያሰናዳው ሰው ይህን ቢያስተውል እንኳ ብዙ ጊዜ የሚቀናው ማወፈር ወይም ማዝመም ነው። የራሱ ወፍራም ቅርጽ ያልተሠራለትን ፎንት ኮምፒውተሩ በግምት ሲያወፍረው የ«ጬ» እና የ«ሟ» ክፍተቶች ይደፈናሉ። ዘመም ያለው አጻጻፍ ደግሞ ከጣሊያን የላቲን እጅ ጽሕፈት የተወለደ ነው፤ በግዕዝ ገጽ ላይ ትርጉም የሚሰጥ ታሪክ የለውም። ትርጉሙ እንከን ሳይኖረው መረጃው ጠፋ ማለት ነው፤ ለቋንቋ ተደራሽነት በሚመደበው በጀት ውስጥ ይህ ኪሳራ የሚመዘገብበት ዓምድ መኖሩ ያጠራጥራል።

የቁም ጸሐፊው መሣሪያ እንዴት ከእጅ ወጣ? እዚህ ላይ የንድፍ ታሪክ ወደ ኢኮኖሚ ታሪክ ይጠጋል። የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ በ1513 የታተመው በሮም ነው። የኮሎኙ ሰው ዮሐንስ ፖትከን በዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ ቋንቋውንም በስሕተት «ከለዳዊ» አለው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የግዕዝ ሆሄያት በብረት የሚቀረጹት ከኢትዮጵያ ውጭ ነበር፤ ለዚህም የወጪ ምክንያት አለ። ባየር ያስጨነቁት የላቲን ሆሄያት 26ቱ በሁለት ቅርጽ ሲቆጠሩ 52 ናቸው። የአማርኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ ገና አልተቆጠሩም። አንባቢው ጥቂት በሆነበት ገበያ ይህን ያህል ቋሚ ወጪ የሚሸከም አታሚ ለሁለተኛ ዓይነት፣ ማለትም ለርእስ ወይም ለማጉያ የሚሆን የፊደል ቅርጽ ገንዘብ አይተርፈውም። ቀይ ቀለም ደግሞ ወረቀቱን ሁለተኛ ጊዜ በማሽን ማሳለፍን ይጠይቃል።

የጽሕፈት መኪናው ይህን ጥበት አባሰው። አርባ ከምናምን ቁልፍ ባለው መኪና ላይ መሐንዲሱ አያና ብሩና ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ከ200 በላይ ሆሄያትን ማስፈር ነበረባቸው። መፍትሔው ግንዱን ፊደል አንድ ጊዜ፣ የአናባቢውን ምልክት ሌላ ጊዜ መምታት ሆነ። ብልሃቱ ትልቅ ነው፤ መንግሥት ለአሥርት ዓመታት ጽፎበታል። ዋጋውን የከፈለው የፊደሉ መልክ ነው፤ እግሩና እጁ ከአካሉ የራቁ ሆሄያት የቢሮ ወግ ሆኑ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ፊደሉን ማሻሻል ይገባል የሚሉ ሐሳቦች በይፋ ቀረቡ። አንዳንዶቹ አናባቢዎች ሁሉ ወጥ በሆነ ምልክት እንዲጻፉ፣ ድምፃቸው አንድ የሆነ ሆሄያት እንዲቀነሱ ይጠይቁ ነበር። በተማሪው ዓይን እነዚህ ሰዎች የባየር ዘመዶች ናቸው፤ ሁሉም ፊደሉን ለማሽኑ ሊያሳጥሩት ፈለጉ፤ አልተሳካላቸውምም። ፖል ዴቪድ በ1985 ስለ እንግሊዝኛው የጽሕፈት መኪና ቁልፍ አደራደር በጻፈው ዝነኛ ጥናት እንዳሳየው፣ ለአንድ ማሽን ሲባል የተወሰደ ውሳኔ ማሽኑ ከሞተ በኋላም ይገዛል። የማሻሻያው ሐሳብ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ ሲመጣ ምክንያቱ ጠፍቶ ውጤቱ ይቀር ነበር። ይህ ግን ለነበረው ሁሉ ጥብቅና መቆም አይደለም። የሕፃናቱ የመማር ድካም የማሽን ጉዳይ አልነበረም፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልሞተም። ፊደሉ ራሱም ቢሆን አናባቢዎቹን ያገኘው በ4ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ በተደረገ ለውጥ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ ኮሎራዶ በታሪኩ ውስጥ ድርሻ ነበራት። ነዋሪነታቸው በዚሁ ግዛት የነበረው፣ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ፣ በ1980ዎቹ ፊደሉን ሳይቆራርጡ ሙሉ ሆሄያቱን በኮምፒውተር ከጻፉ ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው፤ በ2015ም ለግዕዝ አከታተብ ዘዴያቸው የአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝተዋል። ሆኖም እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ያን ያቆመው በ1999 ፊደሉ በዩኒኮድ የጋራ ሠንጠረዥ ውስጥ መግባቱ ነው። የግል ፈጠራ መንገድ ይከፍታል፤ ገበያውን ያሰፋው ግን ማንም የማይከራየው የጋራ ደንብ ነበር። ቢሆንም የድሮው ጣት አልለቀቀም፤ አራት ነጥብ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ እያለ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ የሚመታ ጸሐፊ ዛሬም ሞልቷል።

ልጃቸው ነርሲንግ ትቶ ዲዛይን የመረጠባቸው ወላጆች «የታሪኩ ኮርስ ምን ያደርግለታል?» ቢሉ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የትምህርት ክፍያው ቀላል አይደለም። ፎንት መምረጥና ገጽ ማሰናዳት በቪዲዮም ይለመዳል። ታሪኩን የተማረው ልጅ የሚለየው፣ በፊቱ ካለው ገጽ ውስጥ የትኛው የቋንቋው ጠባይ፣ የትኛው የሞተ ማሽን ትእዛዝ እንደሆነ በመለየቱ ነው። ያን የክሊኒክ ወረቀት ቢሰጡት መጀመሪያ የሚያስበው ቀዩን ቀለም ነው። ነገር ግን በራሪ ወረቀት በጥቁርና ነጭ ማባዣ ይባዛል፤ ቀዩ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የሚቀሩለት መጠን፣ ባዶ ቦታና ደማቅ መስመር ናቸው፤ ማስጠንቀቂያውን ከአድራሻው አርቆ፣ ሆሄያቱን አጉልቶ፣ ከላይና ከታች ወፍራም መስመር ያሰምርበታል።