አዋላጅ ነርስና አደራዋ

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ አስቀድሞ የሚቀበለው የአዋላጅ እጅ ነው። ስለዚህ የሙያውን ታሪክ ማወቅ ለአንባብያን የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን በአጭሩ ልናቀርበው ወደድን።

በቀድሞው ዘመን ምጥ የያዛትን ሴት የምትረዳት የልምድ አዋላጅ ነበረች። ጎረቤቶች «ማርያም፥ ማርያም» እያሉ ይለምኑላታል፤ በሰላም በተገላገለች ጊዜም እልል ይባላል፤ ገንፎ ይገነፋል። የልምድ አዋላጇ ምስጋና ይገባታል፤ ነገር ግን ደም አልቆም ባለ ወይም ምጡ በረዘመ ጊዜ ከጸሎት በቀር መድኀኒት አልነበራትም።

ይህም መከራ ድኻና ባለጸጋ አይለይም ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በሎንዶን የነርስነትን ሙያ ተምረው ነበር። እርሳቸውም ባገቡ በጥቂት ወራት፥ በነሐሴ 1934 ዓ.ም.፥ በለቀምት ሳሉ በእርግዝና ሳቢያ በደረሰባቸው ሕመም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸውም በአዲስ አበባ የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ።

በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን የመጡት በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። በዚያም ምጥ ለቀናት ቈይቶባቸው አካላቸው የተጐዳ፥ ሽንታቸውን መቈጣጠር የተሳናቸው እናቶች አገኙ፤ ኋላም ለእነርሱ የፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ጉዳቱን ከመጠገን ይልቅ አስቀድሞ መከላከል እንደሚሻል በማመንም ዶክተር ካትሪን እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ መሠረቱ። ከገጠር የተመረጡ ልጃገረዶች በዚያ ተምረው ወደየአካባቢያቸው እንዲመለሱ ተደረገ።

እንግዴህ የአዋላጅ ነርስ ኀላፊነት ምንድን ነው? የነፍሰ ጡሯን የደም ግፊት መለካት፤ በምጥ ጊዜ የጽንሱ የልብ ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆኑን መከታተል፤ የማኅፀን በር አከፋፈትን በሰንጠረዥ መመዝገብ፤ ሕፃኑ እንደ ተወለደ ደም እንዳይበዛ የሚከለክለውን መርፌ መውጋት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የችሎታዋን ወሰን ዐውቃ፥ ከዐቅሟ በላይ የሆነውን በጊዜው ወደ ሐኪም መላክ ነው። በማመንታት የምታልፍ አንዲት ሰዓት ሁለት ነፍስ ልታጠፋ ትችላለች።

በአገራችን በተደረጉት የሕዝብና የጤና ጥናቶች መሠረት ከ100,000 ሕያው ልደት የሚሞቱት እናቶች በ1992 ዓ.ም. 871 ሲሆኑ፥ በ2008 ዓ.ም. 412 ሆነዋል። ቊጥሩ ቢቀንስም ገና ብዙ ነው።

ይህ ጥበቃ ለገጠር ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር ያለው ቦሌ አራብሳ ቀድሞ የእርሻ መሬት ነበር፤ ዛሬ በጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ብዙ ሕዝብ ሰፍሮበታል። ዕጣ ያሰባሰባቸው ጎረቤቶች ገና ሳይተዋወቁ፥ እናትና አክስት በሩቅ ሳሉ፥ ምጥ በሌሊት ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ለወላዲቱ ዘመድም ባለሙያም የምትሆናት አዋላጅ ነርስ ናት። እርሷ አደራዋን እንድትወጣ ቤተ ሰብ ነፍሰ ጡሯን በጊዜ ያስመርምር፤ ምጡም ሲጀምር ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሳት እንላለን።